38,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ የ1988 ፖርሽ ካሬራ 3.2፦ ስንት ነው የሚገባው?

ካሬራ88

ሰላም ለሁላችሁ። ዓይኔን የጣልኩበት አንድ የ1988 ሞዴል ፖርሽ 911 ካሬራ 3.2 ኩፔ አለ። ካምቢዮው ጂ50፣ ሞተሩ ካታሊስት (የጭስ ማጽጃ) የሌለው ባለ 231 ፈረስ ጉልበቱ ነው። ቆጣሪው 38,000 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ሻጩ ሁለተኛ ባለቤት ነው። መኪናው ካለፉት 11 ዓመታት አብዛኛውን ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነው ያሳለፈው፤ «በየወሩ እያስነሳሁ አሞቀዋለሁ» ይላል።

ገበያው ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በገንዘብ ሳይሆን በነጥብ ላስቀምጠው። ከ130,000 እስከ 160,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ሰነዱ የተሟላ፣ ዛሬ ተነስቶ ረጅም መንገድ የሚሄድ ተመሳሳይ ኩፔ የሚሸጥበትን ዋጋ 100 እንበለው። የእኔ ሻጭ የጠራው 165 ነው። ብዙ ስላልተነዳ ብቻ 65 ነጥብ መጨመር ይገባል? ካልሆነ ስንት? ከመወሰኔ በፊትስ ምን ምኑን ልፈትሽ? መኪናውን የምገዛው ልነዳው ነው፤ በዓመት 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ቦክሰር

መጀመሪያ ያቺ 100 ከየት እንደመጣች አጣራ። ማስታወቂያ ላይ የተለጠፈ ዋጋ ሻጩ የሚመኘው ነው፤ ለስድስት ወር ተለጥፎ ከቆየ ደግሞ ማንም እንዳልተቀበለው ነው የሚነግርህ። አንተ የምትፈልገው የተሸጠበትን ነው። እሱን በግልጽ የሚያወጡት የኢንተርኔት ጨረታዎች ናቸው፤ ብሪንግ ኤ ትሬይለርና ኮሌክቲንግ ካርስ ላይ ያለፉ ሽያጮች ከነፎቷቸውና ከነአስተያየታቸው አሉ። ካለፉት 18 ወራት ከ8 እስከ 10 መኪና ሰብስብ። ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ ላይ የገዢውን ኮሚሽን ደምር፤ ገዢው ከኪሱ ያወጣው እሱን ጨምሮ ነው። ሻጩ ባስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ ምክንያት ሳይሸጥ የቀረውንም አትጣለው፤ የመጨረሻው ተጫራች የጠራው ቢያንስ አንድ እውነተኛ ሰው ሊከፍል የተዘጋጀበት ነው።

ስትሰበስብ የማይነጻጸሩትን አትደባልቅ። ከ1984 እስከ 1986 ያሉት ካምቢዮአቸው 915 ነው። ጂ50 የገባው በ1987 ሲሆን ፍሪሲዮኑም ያኔ ከኬብል ወደ ሃይድሮሊክ ተቀየረ፤ ገዢ ለዚህ ይጨምራል። ካብሪዮሌውንና ጣሪያው የሚነሣውን ታርጋ ለብቻቸው አስቀምጥ። የአሜሪካ ገበያ መኪኖች በመጀመሪያ 207፣ ከ1987 ወዲህ 217 ፈረስ ጉልበት ነበራቸው፤ ያንተ 231 ነው። የቱርቦ ቦዲ የለበሰውን ኤም 491 እና 340 ብቻ የተሠራውን ክለብ ስፖርት ከዝርዝሩ አውጣ፤ አንዷ ብቻ ብትገባ አማካዩን ታበላሽብሃለች።

ከዚያ በወረቀት ላይ አግድም ኪሎ ሜትሩን፣ ወደ ላይ ዋጋውን አድርገህ ነጥብ ነጥብ አድርግ። ቀጥ ያለ መስመር አይወጣህም። ከ160,000 ወደ 100,000 ስትመጣ ዋጋው ብዙም አይነቃነቅም። ከ60,000 በታች ሽቅብ ይጀምራል፤ ከ20,000 በታች ግን ሌላ ገበያ ነው፣ ገዢውም የማይነዳ ሰብሳቢ ነው። እኔ ለመነሻ የምይዘው 100,000 አካባቢ ከ105 እስከ 110፣ 60,000 አካባቢ 120፣ 40,000 አካባቢ ከ130 እስከ 138 ነው። ያንተ ነጥቦች ሌላ ካሳዩ ያንተን እመን። 165 ግን ከ15,000 ኪሎ ሜትር በታች ለሄደ፣ ቀለሙ ያልተነካና ሰነዱ አንድም ቀዳዳ ለሌለው መኪና የሚጠራ ዋጋ ነው።

ልትነዳው መሆኑ ደግሞ ስሌቱን ይለውጠዋል። በ135 ብትገዛውና በስድስት ዓመት 24,000 ብትነዳው ቆጣሪው 62,000 ይደርሳል፤ ገበያው ባለበት ቢቆም ዋጋው ወደ 120 ይወርዳል። 15 ነጥብ ከሰርክ ማለት ነው፣ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 0.6 ገደማ። በ165 ከገዛኸው ግን የሚቀልጠው 45 ነጥብ ነው፤ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 1.9 ይሆናል። ቁልፉን ባዞርክ ቁጥር የሚያስቆጭ መኪና ሆኖ ጋራዥ ውስጥ ይቀራል።

ቁጥር አንባቢ

ቦክሰር ያስቀመጠው ሁሉ 38,000 እውነት ከሆነ ነው። የዚህ ሞዴል ቆጣሪ ደግሞ በራሱ ቃል የሚታመን አይደለም።

የፍጥነት መለኪያው ቪዲኦ (VDO) የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤሌክትሮኒክ ነው፤ ምልክት የሚቀበለው ካምቢዮው ላይ ካለ ሴንሰር ነው። ሁለት ነገር ይገጥማል። አንደኛ፣ ቆጣሪውን የሚያዞሩት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በዕድሜ ይሰባበራሉ። ያኔ የፍጥነቱ መርፌ በደንብ ይሠራል፣ ቆጣሪው ግን ይቆማል፤ ሹፌሩም ለዓመታት ላያስተውል ይችላል። ሁለተኛ፣ የሴንሰሩን ሽቦ የነቀለ ሰው መርፌውንም ቆጣሪውንም አብሮ ያቆማል። የሞተሩ ኮምፒውተር ኪሎ ሜትር አይመዘግብም፤ ስለዚህ መመርመሪያ መሣሪያ ሰክቼ እውነተኛውን አወጣለሁ የሚል መካኒክ ካገኘህ ሌላ ፈልግ።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ንዳው፤ የስልክህን ጂፒኤስ ከዋናው ቆጣሪና ከጉዞ ቆጣሪው ጋር አስተያይ። ሁለቱም መዞር አለባቸው። ከዚያ ሻጩን አስፈቅደህ መለኪያውን ከክሩስኮቱ አውጣው። ብሎን የለውም፣ በጎማ ቀለበት ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው፤ በሁለት እጅ ይዘህ ግራ ቀኝ እያልክ ስትስበው ይወጣል፣ ኋላ ያሉትን ሽቦዎች ብቻ ጠንቀቅ በል። አሁን ዙሪያውን ያለውን ጥቁር የብረት ክፈፍ ከጎን በኩል በባትሪ ብርሃን እየው። ከፋብሪካ ሲወጣ ጠርዙ ወደ ኋላ ታጥፎ አንድ ወጥ ሆኖ ነው የተጫነው። ተከፍቶ ከነበረ ጠርዙ ላይ በየጣት ስፋቱ የመጠምዘዣ አፍ ጥርስ፣ ቀለሙ የተላጠበት ነጭ ነጥብ፣ የተወላገደ እጥፋት ታያለህ። መከፈቱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፤ ጥርሱ ሲሰበር ያው ተከፍቶ ነው የሚጠገነው። ግን የጥገናው ደረሰኝ፣ ያኔ የነበረው ቁጥር ተጽፎበት፣ መገኘት አለበት። ከሌለ ጭማሪው ከግማሽ በላይ ይወድቃል።

ከዚያ ወረቀቱ። የሰርቪስ ደብተሩን፣ የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቶችን፣ የጎማና የባትሪ ደረሰኞችን በቀን ቅደም ተከተል ደርድርና እያንዳንዱ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ጻፍ። ቁጥሩ ሁልጊዜ መውጣት አለበት። ማኅተም ብቻውን ብዙ አይመዝንም፤ በሦስተኛ ወገን የተጻፈ፣ ለመኪናው ሽያጭ ተብሎ ያልተዘጋጀ ወረቀት ይበልጣል። ክፍተት ካለ ክፍተቱን የሚያስረዳ ሰነድ ጠይቅ፤ መኪናው ከመዝገብ የወጣበት ወይም ኢንሹራንሱ የተቋረጠበት ወረቀት ይበቃል።

መኪናው ራሱም ይናገራል። የፊት ፍሬን ዲስኩ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ 38,000 በሄደ መኪና ጠርዙ ላይ ትንሽ ከንፈር ቢኖር ነው። ፓራብሬዛውን ፀሐይ ፊት ለፊት አድርገህ እየው፤ ብዙ የተነዳ መኪና መስተዋቱ በአሸዋ ተነቃቅሷል። የሹፌሩ ወንበር የውጪ ጎን፣ ተረከዝ የሚያርፍበት ምንጣፍ፣ የፔዳል ጎሚኒ፣ የመሪው ቆዳ በላይኛው ግማሽ፣ የማስነሻ ቁልፉ ጥርስ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ መናገር አለባቸው። ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሶ ፔዳሉ ያለቀ ከሆነ ጠርጥር። ፔዳሉ አዲስ ሆኖ ወንበሩ ያረጀ ከሆነም እንደዚያው።

የሻንሲ ቁጥሩ 10ኛ ምልክት ሞዴል ዓመቱን ይነግርሃል፤ ለ1988 በላቲኑ ጄ ነው። የሞተሩ ቁጥር ከማቀዝቀዣው ፋን በስተቀኝ ብሎኩ ላይ ተቀርጿል፤ 3ኛው ምልክት ከዚያው ፊደል ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ሞተሩ ተቀይሯል፤ ያኔ ስለ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትር መነጋገሩ ራሱ ትርጉም የለውም።

ቴስታታ

ወደ መካኒኩ ልምጣ። መኪና ቆሞ አይድንም። በተለይ ይሄ «በየወሩ አሞቀዋለሁ» የሚባለው ነገር ለገዢ ማስፈራሪያ እንጂ ማባበያ መሆን አልነበረበትም። ይህ ሞተር ከነታንኩ 13 ሊትር ገደማ ዘይት ይዞ ነው የሚዞረው። በአሥር ደቂቃ ባለበት ማስነሳት ዘይቱ አይሞቅም። የተቃጠለው ነዳጅ የሚያወጣው ውሃ ሳይተን ብሎኩና ማርሚታው ውስጥ ይቀራል። ማርሚታውና ለጋቢናው ሙቀት የሚሰጡት ሄት ኤክስቼንጀሮች ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋሉ፤ ከውጭ ስታይ ያማሩ ናቸው፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብለህ ስትነካቸው ድፍን ድምፅ ያሰማሉ ወይም ፍርፋሪ ይረግፋል።

ሌላም አለ። ሲቆም ዘይቱ ከታንኩ ቀስ እያለ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ስለዚህ ለወራት የቆመ መኪና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ብታወጣ ባዶ ነው። ትክክለኛው ንባብ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ደልዳላ መሬት ላይ፣ እየዞረ ሳለ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ባዶ ዘንግ አይቶ ሁለት ሊትር ይጨምራል፤ ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማጣሪያው ቤት ይገባል። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ክፈተው፤ ፊልትሮው በዘይት ርሶ ከሆነ ሞተሩ አልሞተም፣ የሚያስነሳው ሰው ግን አያውቅበትም።

ዋጋ ላይ የሚቀነሱት እነዚህ ናቸው።

ነዳጅ፦ አሮጌው ቤንዚን ይውጣ፣ ታንኩ ውስጡ ለዝገት ይታይ፣ ፊልትሮው ይቀየር፣ ስድስቱ ኢንጀክተሮች ወጥተው ይታጠቡና የሚረጩት መጠን ይለካ። ሞተሩ ላይ ያሉት የጎማ ቱቦዎች የፋብሪካ ከሆኑ ያለ ክርክር ይቀየሩ። ጎማው ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ጎንበስ ስታደርገው ይሰነጠቃል፤ የሚያፈሰው ደግሞ በጋለ ሞተር ላይ ነው። የእነዚህ መኪኖች ቃጠሎ ከሚነሳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው።

ፍሬን፦ ፈሳሹ በየሁለት ዓመቱ መቀየር የነበረበት ነው፤ ውሃ ይስባል። 11 ዓመት ሲቆም የካሊፐሩ ፒስተኖች ይዝጋሉ፣ የጎማ ቱቦዎቹ ከውስጥ ያብጣሉ። ምልክቱ ፍሬን ለቀህ ከሄድክ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ መጋሉ ነው። አራት ካሊፐር ማደስ፣ ቱቦዎቹን መቀየር፣ ዋናውን የፍሬን ፖምፓ ማየት። የጂ50 ፍሪሲዮንም በዚያው ፈሳሽ ስለሚሠራ የእሱም የላይና የታች ሲሊንደር አብሮ ይታይ።

ጎማ፦ ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ባለ አራት አሃዝ ሳምንትና ዓመት ነው። 1413 ማለት የ2013 14ኛ ሳምንት ነው። ባለ ሦስት አሃዝ ካየህ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከአሥር ዓመት ያለፈውን ቀይር።

ዘይት የሚያልብባቸው ቦታዎች፦ የዘይት መመለሻ ቱቦዎች ጎሚኒ፣ የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን፣ የክራንኩ ፓራኦሊዮ። ሲቆም ይደርቃሉ። ጥቂት ማላብ የዚህ ሞተር ጠባይ ነው፤ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የሥራ ሰዓቱን ተመን አስወጣ።

አየር ማቀዝቀዣው ካልሠራ «ጋዝ ብቻ ነው የሚፈልገው» የሚለውን አትቀበል። በፋብሪካ የተሞላው አር 12 የሚባለው ጋዝ ነው፤ ኮምፕረሰሩ ሳይዞር ስለቆየ የዘንጉ ፓራኦሊዮ ደርቆ ለቆት ሊሆን ይችላል።

ዋናው ነገር ግን የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው። የ3.2 ደካማ ጎን የቫልቭ ጋይድ፣ ማለትም የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ ነው፤ ሲያልቅ ዘይት ይበላል። ቴስታታውን ከሚይዙት ፕሪጆኒየሮች ደግሞ በታች በኩል ያሉት በዝገት የሚሰበሩ ናቸው። የታችኞቹን የቫልቭ ክዳኖች ሲያነሱ የተሰበረ ካለ ዳዶው ላልቶ ወይም ክዳኑ ውስጥ ወድቆ ይገኛል። ክዳኑ ከተነሳ አይቀር የቫልቭ ክፍተቱም ይለካ፣ በቀዝቃዛ ሞተር 0.10 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስቱም ሲሊንደሮች ሊክዳውን ይፈተሹ፤ አየር ተሞልቶባቸው ስንት በመቶው እንደሚያመልጥ ይለካል ማለት ነው፦ ከ10 በመቶ በታች ጥሩ፣ እስከ 15 የሚታገሡት፣ ከ20 በላይ ሥራ አለው። ቁጥሩን ብቻ አትቀበል፤ አየሩ በየት እንደሚወጣ ጆሮህን ጣል። በማርሚታ ከሆነ የማስወጫ ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያ ከሆነ የማስገቢያ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ የፒስተን ፋሻ ነው።

ቀዝቃዛ ሲነሳ ጥቂት ሰማያዊ ጭስ ብታይ አትደንግጥ፤ ሲሊንደሮቹ ስለተጋደሙ ዘይት ያድርባቸዋል። በደቂቃ ሁለት ደቂቃ ካልጠራ፣ ወይም ቁልቁለት በማርሽ ይዘህ ወርደህ እንደገና ነዳጅ ስትሰጥ ከጨሰ፣ ጋይዱን ጠርጥር።

ረጋ በል

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ያቺ 100 የምትባለው 150,000 የሄደች መኪና የቫልቭ ጋይዷ ተሠርቶ፣ ፍሪሲዮኗ ተቀይሮ፣ ሾክ አብዞርበሯ አዲስ ሆኖ፣ ደረሰኙ ሁሉ ተያይዞ ሊሆን ይችላል። 38,000 የሄደችው ደግሞ ሁሉ ነገሯ የፋብሪካ ነው፤ ጎሚኒዋ፣ ቱቦዋ፣ የሞተር መቀመጫዋ፣ ሁሉም ከ35 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጎማ ነክ ነገር የሚያረጀው በኪሎ ሜትር አይደለም። ለመንዳት ከሆነ የምትገዛው የመጀመሪያዋ በ105 ብትገኝ እኔ ሁለተኛዋን በ125ም አልቀይራትም።

ቦክሰር

ለመንዳት ብቻ ከሆነ ከረጋ በል ጋር እስማማለሁ። ግን ሁለቱ የሚሸጡት ለተለያየ ሰው ነው። ጎሚኒና ቱቦ ይቀየራል፤ ያልተነካ ቀለምና ያልተበሳሳ ጋቢና ግን በገንዘብ አይመለስም። ጭማሪው የሚከፈለው በዋናነት ለቦዲውና ለጋቢናው ነው። ስለዚህ ቀለሙን ሳይለካ ምንም ዋጋ አይስጥ። በቀለም መለኪያ እያንዳንዱን ክፍል አምስት አምስት ቦታ ለካ። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን ውስጥ ነው። ከ250 በላይ ከሆነ እንደገና ተረጭቷል፤ ከ1,000 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ። ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ቦዲው ሙሉ በሙሉ በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ዝገት ካየህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «የት ተመትቶ ነበር?» ብለህ ነው። የፓራብሬዛው ጎሚኒ ሥር፣ የፊት መብራቱ ቤት ጀርባ፣ የባትሪው መቀመጫ፣ የበሩ መቆለፊያ ምሰሶ ሥርና ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ጥግ አይታለፉም።

ካሬራ88

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኪናው ወደ አንድ ነጻ መካኒክ ተወስዶ ተፈትሿል። ውጤቱ እነሆ።

የመለኪያው ክፈፍ አልተነካም፤ ሁለቱም ቆጣሪዎች ይዞራሉ፣ በ12 ኪሎ ሜትር ከጂፒኤሱ ጋር የነበራቸው ልዩነት 200 ሜትር ነው። የሰርቪስ ደብተሩ እስከ 2009 ማኅተም አለው፣ የመጨረሻው 31,000 ላይ። የምርመራ ወረቀቶች እስከ 2013 ድረስ አሉ፤ የመጨረሻው 37,200 ይላል። ከመዝገብ የወጣበት ሰነድ የዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም ወረቀት የለም። የሞተሩና የሻንሲው ፊደል ይገጥማል። ጎማዎቹ 1413።

ቀለሙ በሁሉም ቦታ ከ110 እስከ 160፣ የፊት ግራ ፓራፋንጎ ብቻ ከ310 እስከ 340። ዝገት አልተገኘም። ኤም 220 አለው፣ ዲፈረንሻሉ ሎክ ያለው ማለት ነው። መሣሪያው፣ ክሪኩ፣ ሁለቱም ቁልፎች አሉ።

ሊክዳውኑ፦ 4፣ 5፣ 4፣ 6፣ 5 እና 6ኛው ሲሊንደር 16። የ6ኛው አየር በማርሚታ ነው የሚወጣው። ፕሪጆኒየር የተሰበረ የለም። ነዳጅ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ የዘይት ማላቡን ጨምሮ መካኒኩ የሰጠው ተመን ከ100 ነጥቡ 13 ይሆናል። የሞተሩ የላይኛው ክፍል ተፈትቶ ቢሠራ ተጨማሪ 20 ነው አለ።

ቁጥር አንባቢ

ጥሩ ነው። ኪሎ ሜትሩ እውነት ነው ብዬ እቀበላለሁ። ከ2013 ወዲህ ወረቀት አለመኖሩ ከመዝገብ ከወጣበት ሰነድና ከጎማው ዕድሜ ጋር ይሄዳል። ግን አንተ ስትሸጠው ገዢው ይህንኑ ይጠይቅሃል፤ ስለዚህ ጭማሪውን በሙሉ አትክፈል፣ 85 በመቶውን ያዝ። ከደብተሩ ጋር የምርመራ ወረቀቶቹን ዋናቸውን ተረከብ፣ ኮፒ አትቀበል። ክፈፉን ዛሬውኑ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሳው።

ቦክሰር

እንደምር። 100 መነሻ። ለ38,000 ሙሉ ጭማሪው 35፣ 85 በመቶው 30። ለኤም 220 ሦስት ነጥብ። የጥገናው 13 ይቀነሳል፤ ሲቀነስም ሙሉውን ነው፣ መነሻ ያደረግናት መኪና ዛሬ ተነስታ የምትሄድ ናትና። ለፓራፋንጎው አራት ነጥብ፤ ስቱኮ ስለሌለው ጭረት ተሸፍኖበት ሊሆን ይችላል፣ ብቻ «ቀለሙ ያልተነካ» ከሚባለው ተራ ወጥቷል። የቀረው 116 ነው። ይሄ 6ኛው ሲሊንደር ሳይታሰብ ነው።

ቴስታታ

በ6ኛው ሲሊንደር አትቸኩሉ። አምስቱ ከ6 ሳይበልጡ አንዱ ብቻ 16 ሲሆን፣ በዚያ ላይ በማስወጫ ቫልቩ በኩል ከሆነ፣ መኪናው በቆመበት ወቅት ያ ቫልቭ ክፍት ሆኖ ቀርቶ መቀመጫው ላይ ዝገት ወይም ካርቦን ይዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር በደንብ ሲነዳ ይጠራል። መጀመሪያ የ6ኛው ክፍተት 0.10 መሆኑ ይረጋገጥ፤ ቫልቩ ጠብቦ ከሆነም ያው 16 ያሳይሃል፣ እሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ቫልቩ ተቃጥሎ ከሆነ ግን መንዳቱ አያድነውም፣ ቁጥሩ ይብሳል።

አነሳሱ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። አሮጌው ነዳጅ ወጥቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ፣ በግራ ወንበሩ ሥር ያለው የዲኤምኢ (የሞተሩ ኮምፒውተር) ሪሌ ተነቅሎ በማስነሻው ብቻ ይዙር። ሪሌው ሲነቀል ነዳጅም እሳትም ስለሌለ ሞተሩ አይነሳም። የዘይት ግፊቱ መርፌ እስኪነሳ ድረስ በአሥር በአሥር ሰከንድ እያረፉ ነው፣ ከዚያ ሪሌው ይመለስ።

ረጋ በል

ታዲያ ያንን 500 ኪሎ ሜትር ማን ነው የሚነዳው? ፍሬኑና ጎማው ሳይሠራ ማንም ሊነዳው አይገባም። ሻጩ አሠርቶ ይንዳው፣ ከዚያ 6ኛው እንደገና ይለካ። ከ10 በታች ከወረደ 116ቱ ላይ የቀነስነው 13 ይመለስለታል፣ 129 ይገባዋል። ማሠራት አልፈልግም፣ እንዳለ ነው የምሸጠው ካለ፣ የ20ውን ሥራ ግማሽ አንተ ተሸከም፣ ግማሹን እሱ ይሸከም፤ 106 ነው። በዚያ ላይ ትንሽ ብትጨምር 110። ከዚያ በላይ ከሄድክ ያልታወቀውን ሁሉ አንተ ብቻህን ገዛኸው።

ቦክሰር

ከ165 ወደ 110 ስትወርድ ሻጩ እንደተሰደበ ሊቆጥረው ይችላል። ቁጥሩን ብቻ አትንገረው። ነጥብ ያደረግክበትን ወረቀትና የመካኒኩን ተመን አሳየው፣ 129ኙንም 110ሩንም አብረህ አቅርብለት፤ መርጦ ይያዝ። ቀብድ ከሰጠህ 6ኛው ሲሊንደር ዳግም ሲለካ ከ10 በላይ ከሆነ ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይስፈር፤ የሚለካውም ያው መካኒክ ይሁን፣ መሣሪያው ከመሣሪያ ስለሚለያይ።

ቴስታታ

አንድ ነገር ልጨምር። ዘይቱ ሲቀየር የወጣውን ፊልትሮ አታስጥለው። ዙሪያውን ቆርጠህ ወረቀቱን ዘርጋና ነጭ ጨርቅ ላይ ጨምቀው፤ ማግኔት አስጠጋበት። ጥቂት ጥቁር ዝቃጭ ያለ ነው። ማግኔት የሚስበው ፍርፋሪ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ብልጭታ ከወጣ ግን 116ም 129ም ይቀር፤ ስሌቱ ከሙሉ ሞተር እድሳት ነው የሚጀምረው፣ ሻጩም ያንን ፊልትሮ በዓይኑ ይየው።